ትንሿ ባቡርና ዘመዶቿ

የባቡር፣ የመኪናና የአውሮፕላን አምሳያ የሚወዱ ሰዎች ሁሉም የየራሳቸውን ሙያ ለብቻው የተወለደ አድርገው ያዩታል። ነገር ግን የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው።

እንግሊዛዊው ፍራንክ ሆርንቢ ለአሻንጉሊት ባቡሮቹ ማጀቢያ የሚሆኑ ትንንሽ ሰዎችን በሊቨርፑል ፋብሪካው አሠርቶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1931 ዓ.ም. ለገበያ አወጣ። በ1933 ዓ.ም. መኪናዎች ተጨመሩ፤ በ1934 ዓ.ም. ዲንኪ ቶይስ የሚል ስም ወጣላቸው። ዛሬ የመኪና ሰብሳቢዎች የሚወዱት 1 ለ43 የሚባለው ልክ የመጣው ከዚያው ከባቡሩ ነው። ልጅ አባቱን ቢረሳም መልኩ ያሳብቅበታል።

ጀማሪ ግን ይጠንቀቅ። ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ባቡር 1 ለ87 ነው። ከጎኑ የ1 ለ43 መኪና ቢያቆሙ፣ መኪናው እጥፍ ገዝፎ ባቡሩን ያሳፍረዋል፤ ገንዘብዎም በከንቱ ይወጣል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ነው።

ልዩነታቸውስ? አውሮፕላኑ ቀለሙ ሲደርቅ ሥራው ተፈጸመ፤ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ባቡር ግን ሐዲድ ይሻል፤ ሐዲዱ ድልድይ፣ ድልድዩ ወንዝ፣ ጣቢያውም ቤትና መንገደኛ ይሻል። ስለዚህ ቤት ሠሪው፣ ቀለም ቀቢውና የኤሌክትሪክ ዐዋቂው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ለልጅዎ ባቡር ሲገዙ እንግዲህ የሚገዙለት አንድ መጫወቻ ብቻ አይደለም፤ ከሌላው ጋራ ተባብሮ መሥራትንም ጭምር ነው። ይህን ትምህርት ደግሞ መደርደሪያ አያስተምረውም።