ዮርዳኖስን በሃይላንድ



የጉዞው ሰሞን ደግሞ መጣ። ጌታ የተመላለሰበትን ምድር እንድንረግጥ የሚጋብዝ ማስታወቂያ በየአዳራሹ በር ላይ ተለጥፏል። ቡና ይፈላል፣ ቲሸርት ይሸጣል፣ ወላጅ ይለመናል። ገንዘቡ የሞላለት ይሄዳል፤ ያልሞላለት በሽኝቱ ቀን ይዘምራል። እኔም ሄጃለሁና ጉዞውን አልቃወምም። ይዘን የምንመለሰውን ግን እቃወማለሁ። ጣቴን መጀመሪያ የምቀስረውም በራሴ ላይ ነው።

ከሰባት ዓመት በፊት ሃያ ሦስት ሆነን ስንሄድ የቡድኑ አስተማሪ እኔ ነበርኩ። በአምስተኛው ቀን ዮርዳኖስ ከገሊላ ባሕር በሚወጣበት አጠገብ ካለው ያርደኒት ከሚባል የጥምቀት ስፍራ ደረስን። ነጭ ቀሚስ አጥልቀን ወረድን። ከመካከላችን ያልተጠመቀ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም ግን እንደገና ተጠመቅን። አንዲት እህት ከውኃው ስትወጣ «እውነተኛውን ጥምቀት ገና ዛሬ አገኘሁ» ብላ አለቀሰች። ጥምቀት አንድ መሆኑን ከኤፌሶን ምዕራፍ 4 ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እዚያ ቆሜ ግን «አሜን» አልኳት። ከዚያም ሃይላንዶቻችንን አውጥተን ሞላን። የእኔ ባለ ሁለት ሊትር ነበር፤ ጉልበቷን ለሚያማት እናቴ።

ስለ እናቴ ትንሽ ልንገራችሁ። ጌታን የተቀበለችው በደርግ ጊዜ፣ አዳራሾች ይታሸጉ በነበረበት ዘመን ነው። በ1971 ዓ.ም. በትኩሳት ተይዛ ስትተኛ አባቷ ጸበል አመጡላት። «አባዬ፣ ኢየሱስ ይበቃኛል» ብላ አልጠጣም አለች። በዳነች በሳምንቱ ከቤት ተባረረች። አባቷን ዳግመኛ ያየቻቸው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በሞት አልጋቸው ላይ ነው።

እንግዲህ ለእኚህ ሴት ነው ሃይላንዱን ያመጣሁት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። እያገላበጠች አየችውና፣ «ልጄ፣ ይሄ ከሆነ እኔ ከአባቴ ቤት ለምን ወጣሁ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ተነሥታ ወደ ጓሮ ወሰደችውና ጤና አዳሟን አጠጣችበት።

ይህን የምለው በኦርቶዶክስ ወገኖቻችን ለመሳለቅ አይደለም። እነርሱ ስለ ጸበል ለዘመናት ያስተማሩት የታወቀ ትምህርት አላቸው፤ ተስማማንም አልተስማማንም የሚያምኑትን አይደብቁም። የእኛ ነገር ነው ግራ የሚያጋባው። በመድረክ ላይ «ጸጋ በዕቃ አይተላለፍም» እንሰብካለን፤ በጓዳ የዮርዳኖስ ውኃ፣ የደብረ ዘይት ዘይት፣ የጎልጎታ አፈር እናከፋፍላለን። አንዳንዱም በገንዘብ ነው። እናቶቻችንና አባቶቻችን የተገፉበትን እምነት በጠርሙስ እየሸጥነው ነው።

«ታዲያ ንዕማንስ?» የሚለኝ አይጠፋም። መልካም፣ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 5ን አብረን እንክፈት። ንዕማን ራሱ የደማስቆ ወንዞች ከዮርዳኖስ ይሻላሉ ብሎ ተቆጥቶ ነበር። የነቢዩ ቃል ታዘዘ እንጂ ውኃው በራሱ አቅም ቢኖረው ኖሮ በዚያ ዘመን በእስራኤል ለምጻም ባልተገኘ ነበር፤ ጌታም በሉቃስ 4 ብዙ ለምጻሞች እንደነበሩና ከንዕማን በቀር አንዳቸውም እንዳልነጹ ተናግሯል። ደግሞም ኤልሳዕ ስጦታውን እንቢ ማለቱን አትርሱ። ተከትሎ ሮጦ ገንዘብና ልብስ የተቀበለው ግያዝ ነው፤ የግያዝንም መጨረሻ ታውቃላችሁ። ዛሬ በየጉባኤው ጠርሙስ የሚያዞረው ሰው ከሁለቱ የማንን ፈለግ እየተከተለ እንደሆነ ራሳችሁ ፍረዱ።

«የጳውሎስ ጨርቅስ?» ትሉኛላችሁ። እግዚአብሔር በወደደው ነገር ይሠራል፤ እጁን የሚይዘው የለም። ነገር ግን እርሱ አንድ ጊዜ የሠራበትን ነገር እኛ ልማድ ስናደርገው ምን እንደሚመጣ ከናሱ እባብ እንማር። ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የሠራው፣ ሰዎችም አይተውት የዳኑበት ነበር። በኋላ ዕጣን ሲታጠንለት ሕዝቅያስ ሰባበረው። የሰባበረው ሐሰተኛ ታሪክ ስለነበረው አይደለም፤ እውነተኛ ታሪክ የነበረው ዕቃ ጣዖት ስለሆነ ነው።

ስለ ስፍራዎቹም እውነቱን እንነጋገር። ያርደኒት ለጎብኚዎች የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ጌታ የተጠመቀበት ነው ተብሎ ከጥንት ጀምሮ የሚታሰበው ስፍራ ግን በደቡብ፣ በኢያሪኮ አቅራቢያ ነው። የወንዙ ምዕራብ ዳር ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ ተዘግቶ፣ ዙሪያው ፈንጂ ተቀብሮበት ቆይቶ፣ ለጎብኚ በሰፊው የተከፈተው በ2011 ነው። ያለቀስንበት ውኃ ሌላ ቦታ ከተዘጋ በኋላ የተዘጋጀ አማራጭ ነበር ማለት ነው። እኛ ወንጌላውያን የምንወደው የአትክልት መቃብርም ቢሆን ዝናው የገነነው እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርደን በ1883 ከጎበኘው ወዲህ ነው፤ ብዙ የአርኪዮሎጂ ምሁራን መቃብሩ ከጌታ ዘመን በመቶዎች ዓመታት ይቀድማል ይላሉ። ዮሐንስ ግን የሚናገረው ማንም ስላልተቀበረበት አዲስ መቃብር ነው። ይህ እምነታችሁን ቢያናውጠው፣ እምነታችሁ የቆመው በድንጋይ ላይ ነበር ማለት ነው። መልአኩ ለሴቶቹ ስፍራውን ያሳያቸው ባዶ መሆኑን እንዲያዩ ነበር።

ታዲያ ለምን እንሄዳለን? ለማንበብ! ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ስትጓዙ ሠላሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ያን ጊዜ በሉቃስ 10 ያለው ሰው «ወረደ» የተባለው ለምን እንደሆነ፣ ወንበዴም በዚያ ገደል ለምን እንደሚያደባ ይገባችኋል። ሕዝቅያስ ባስቆፈረው፣ ከ500 ሜትር በላይ በሚረዝመው ዋሻ ውስጥ ውኃውን እየረገጣችሁ በጨለማ ስትሄዱ፣ በከበባ ፍርሃት ውስጥ የነበረች ከተማን ጭንቀት ትቀምሳላችሁ። ምድሪቱ ጎበዝ አስተማሪ ናት፤ እኛ ግን መድኃኒት ቤት አደረግናት።

ሕያዋን ድንጋዮችንም አልፈናቸው እንሄዳለን። በስምንቱ ቀን ጉዟችን ቤተ ልሔም ገብተን ዋሻውን ለማየት ተሰለፍን፣ ከወይራ እንጨት የተቀረጸ ግመል ገዛን፤ በከተማይቱ ከሚኖሩት ክርስቲያኖች ግን አንዱን እንኳ «እንዴት ናችሁ?» አላልንም። በደቡብ ቴል አቪቭ ብዙ ኤርትራውያን ስደተኞች ይኖራሉ፤ በቋንቋችን የምናዋራቸው፣ መዝሙራችንን የሚዘምሩ አሉባቸው። አውቶቡሳችን በዚያ በኩል አላለፈም። በእናታቸው ቋንቋ የሚጸልይላቸው ሰው የናፈቃቸውን ትተን ወንዝ ለመቅዳት ተሽቀዳደምን።

ስለዚህ ዘንድሮ የምትሄዱትን እለምናችኋለሁ። ቢያንስ ስድስት ወር መጽሐፍ ቅዱስን አጥንታችሁ ሂዱ። ኅብረቱ በጋራ ላሰባሰበው ገንዘብ ኪሱ የሞላውን ሳይሆን ተመልሶ የሚያስተምረውን ላኩ። አንዴ ተጠምቃችኋልና ዮርዳኖስ ዳር ቆማችሁ አመስግኑ፣ ፊታችሁን ታጠቡ፣ ውጡ። አንዱን እሁድ በዚያ ካሉ ቅዱሳን ጋር አምልኩ። ሃይላንዱን ባዶውን መልሱት። እናንት የኅብረት መሪዎችም፣ ጠርሙስ ይዞ የመጣውን በመድረክ አታቁሙት። እኔን በዚያን ጊዜ ማንም አልከለከለኝም፤ እናቴ ባትኖር ኖሮ ዛሬም እያከፋፈልኩ ይሆን ነበር።

ከአገራችን ስም ጋር የተያያዘውንና በሐዋርያት ሥራ 8 የተጻፈውን ተጓዥ አስቡት። ያ ጃንደረባ ሊሰግድ ኢየሩሳሌም ሄዷል፤ መቅደሱም በዚያን ጊዜ ገና አልፈረሰም። ኢየሱስን ያገኘው ግን እዚያ አይደለም። ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ በምድረ በዳ መንገድ፣ ሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ከፍቶ ሲያነብና የሚያስረዳው ሰው ሲያገኝ ነው። የተጠመቀበትን ውኃ ሉቃስ ስሙን እንኳ አልነገረንም። ከዚያም ውኃ ቀድቶ ሄደ አይልም፤ ደስ ብሎት መንገዱን ሄደ ነው የሚለው።

እናንተም እንዲሁ ተመለሱ፤ መጽሐፉ ተከፍቶ፣ እጃችሁ ባዶ ሆኖ። ጌታ ይባርካችሁ።