ቤትን ስለ ማሞቅና ስለ ማቀዝቀዝ

ሰው ቤት የሚሠራው ከብርድና ከፀሐይ ለመጠለል ነው። ነገር ግን ቤቱ ሥራውን በሚገባ ሳይሠራ ሲቀር ብርዱን በከሰል፤ ሙቀቱን በመኪና ለመከላከል እንገደዳለን። በዚህም ገንዘብ ይባክናል፤ አንዳንድ ጊዜም ከገንዘብ የሚበልጠው ሕይወት ይጠፋል። ስለዚህ ቤት በጥቂት ወጪ የሚሞቅበትንና የሚቀዘቅዝበትን መንገድ በዛሬው ገጻችን ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ አስበናል።

ነገሩን ያነሣሣን አንድ ወዳጃችን ናቸው። እርሳቸው በመንግሥት ሥራ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ሲዛወሩ ቤተ ሰባቸው ለጊዜው በአዲስ አበባ ቀረ። እርሳቸው ከሙቀቱ የተነሣ እንቅልፍ አጡ፤ ባለቤታቸውም ልጆቹ በብርድ ሲንቀጠቀጡ አይተው ማታ ማታ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት ማስገባት ጀመሩ። ሁለቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ምን ዓይነት መኪና እንግዛ ብለው ጠየቁን።

መልሳችንን የጀመርነው ከወይዘሮዋ ነው፤ የእርሳቸው ነገር ለነገ የሚያሳድር አይደለምና። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ አየር ያወጣል። ይህ አየር ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ከደማችን ጋራ የሚጣበቀው ኦክሲጅን ከሚጣበቅበት ኃይል ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ስለ ሆነ፤ ደም ሕይወት የሚሰጠውን አየር መሸከም ይሳነዋል። የነቃ ሰው ራሱን ያመዋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ የተኛው ግን ሕመሙን ሳያውቅ ከእንቅልፉ ወደ ሞት ይሻገራል። ፍሙ ነጭ ዐመድ ለብሶ ጢስ የሌለው ቢመስልም አደጋው ከእርሱ ጋራ አለ። ስለዚህ ምድጃው ዛሬውኑ ከመኝታ ቤት ይውጣ አልናቸው።

ከዚህ በኋላ ወደ ጥያቄው ተመለስን። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደ ተባለ፤ መኪና ከመግዛት አስቀድሞ ቤትን መመርመር ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ፀሐያማ ሲሆን ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። የአባቶቻችን ቤት ወፍራም የጭቃ ግድግዳና የሣር ክዳን ስለ ነበረው የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድር ነበር። የቆርቆሮ ክዳን ግን ቶሎ ይግላል፤ ቶሎም ይበርዳል። እንግዲህ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ማሠራት፤ የበሩን ሥር ክፍተት መድፈን፤ ቀን መስኮቱን ለፀሐይ ገልጦ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዘግቶ ወፍራም መጋረጃ መጋረድ ያስፈልጋል። የዚህ ሁሉ ወጪ አንድ ጊዜ ነው፤ ጥቅሙ ግን በየዓመቱ ነው።

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ያህል ብቻ ከፍታ ስላላት በግንቦትና በሰኔ ሙቀቷ 35 ዲግሪ ይደርሳል። በዚያ ጠላታችን ፀሐይ ነውና ጣራውን ነጭ ቀለም መቀባት፤ በረንዳ ማውጣት፤ የከሰዓት ፀሐይ በሚመታው በምዕራቡ በኩል ዛፍ መትከል ይበጃል። መስኮትም ቀን ተዘግቶ ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ይከፈት።

ቤቱ ከተስተካከለ በኋላ የመኪናው ተራ ይመጣል። ሽቦው የሚግለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የወሰደውን ኃይል ያህል ብቻ ሙቀት ይሰጣል። 1,500 ዋት የሆነው 4 ሰዓት ቢበራ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1852 ዓ.ም. በግላስጎው ያስተምር የነበረው ሊቅ ዊልያም ቶምሰን፤ ኋላም ሎርድ ኬልቪን የተባለው፤ ሙቀትን ከመፍጠር ይልቅ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው በማሻገር ቤት ሊሞቅም ሊቀዘቅዝም እንደሚችል አመለከተ። በየቤታችን ያለው ፍሪጅ በዚሁ ጥበብ ይሠራል፤ ውስጡ ሲቀዘቅዝ ጀርባው ይሞቃልና። ማሞቅና ማቀዝቀዝ ሁለቱንም የሚችለው ኤር ኮንዲሽነርም በ1 ኪሎዋት ሰዓት 3 ያህል ሙቀት ያሻግራል። ስለዚህ ያንኑ የ6 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት በ2 ይሰጣል።

ይሁን እንጂ ቁጠባ የተባለ ሁሉ ቁጠባ አይደለም። በዓመት ሁለት ወር፤ ያውም ከመኝታ በፊት ጥቂት ሰዓት ብቻ ለሚበርደው የአዲስ አበባ ቤት ውድ መኪና መግዛት ዋጋውን ቶሎ አይመልስም። ሙቀቱ ሲበቃ ራሱ የሚጠፋ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፤ ከብርድ ልብስና ከጋቢ ጋራ፤ ይበቃል። ለድሬዳዋ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ማራገቢያ ይገዛ፤ 60 ዋት ያህል ብቻ ይበላልና። አንድ ትንሽ ኤር ኮንዲሽነር በሚወስደው 1,000 ዋት ከ15 ማራገቢያ በላይ ይሽከረከራል። ነገር ግን ማራገቢያ ሰውን እንጂ ክፍሉን ስለማያቀዘቅዝ ከክፍሉ ሲወጡ ማጥፋት ይገባል። በማራገቢያው እንቅልፍ እንቢ ካለ ለአንድ መኝታ ቤት ብቻ፤ ለክፍሉ ስፋት የሚመጥን ኢንቨርተር ያለው ኤር ኮንዲሽነር ተገዝቶ በ25 ወይም በ26 ዲግሪ ይሠራ፤ የአየር ማጣሪያውም ዘወትር ይጽዳ። ከልኩ በላይ ትልቅ የሆነው ቶሎ ቶሎ እየበራና እየጠፋ ኃይል ያባክናል፤ የአየሩንም እርጥበት በደንብ አያወጣም።

የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋልና ኃይል ሞልቷል የሚል ሰው አይጠፋም። የአገር ሀብት የሚጠበቀው ግን በበዛ ጊዜ ነው።

ወይዘሮዋ ኮርኒስና መጋረጃ አሠርተው፤ ትንሽ ማሞቂያ ገዝተው፤ ምድጃውን ወደ ደጅ አወጡት። ወዳጃችንም በማራገቢያ መተኛታቸውን ጽፈውልናል። አንባቢዎቻችንም ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የልጆቻችሁን፤ የሠራተኞቻችሁን፤ የዘበኛችሁንም ማደሪያ ተመልከቱ። ከሰል ካለ አውጡት፤ ስለ መኪናው ነገ ትመክራላችሁ።