ስለ ባዝራ ክብርና ስለ ዘር መዝገብ

በብዙ ሰው አሳብ የፈረስ ዘር የሚመሰገነው በድንጉላው ነው፤ ባዝራዪቱ ግን እንደ ተራ ከብት ትቈጠራለች። ሴት ውርንጭላም መልኳ ያላማረ እንደ ሆነ ዘሯ ሳይጠየቅ ትሸጣለች። ይህ ልማድ ምን ያህል እንደሚጐዳ በሀንጋሪ አገር የነበረችው የኪንቸም ታሪክ ያስረዳል።

ኪንቸም ማለት በሀንጋሪ ቋንቋ «የኔ ሀብት» ማለት ነው። ይህች ዳማ ባዝራ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1874 ዓ.ም. በማርች 17 ቀን በኪሽበር በመንግሥት የፈረስ ርቢ ጣቢያ ተወለደች። ጌታዋ ኤርኖ ብላስኮቪች የሚባል ባለርስት ነበረ። እንደሚተረከውም የዓመቱን ውርንጭሎች ባንድነት ለመሸጥ ባቀረበ ጊዜ፥ ገዢው ሌሎቹን ወስዶ ኪንቸምንና አንድ ሌላ ውርንጭላ መልካቸውን ንቆ ተዋቸው።

የተናቀችው ግን ከ1876 እስከ 1879 ዓ.ም. ድረስ 54 ጊዜ ተሽቀዳድማ 54 ጊዜ አሸነፈች፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሸነፈችም። በ1878 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግራ የጉድውድን ዋንጫ፥ በዚያው ወር በፈረንሳይ አገር የዶቪልን ታላቅ ሽልማት ወሰደች። ቀጥሎ በጀርመን አገር በባደን ባደን ከሌላ ፈረስ ጋራ እኩል ብትገባም፥ ሁለቱ እንደ ገና በተሽቀዳደሙ ጊዜ ድሉ የእርስዋ ሆነ።

ይህ ሁሉ የተገኘው በዕድል ብቻ አይደለም። ሮበርት ሔስፕ የሚባል እንግሊዛዊ አሠልጣኝ በጥንቃቄ ይገራት ነበር። በባቡር ስትጓዝም የለመደችው ጠባቂና የምትወዳት ድመት እንደማይለዩዋት፥ የአገርዋም ውሃ አብሮ እንደሚጫንላት ይነገራል።

ከሽቅድምድም ካረፈች በኋላ አምስት ልጆች ወለደች። በ1887 ዓ.ም. በተወለደችበት ዕለት በሆድ ቁርጠት ሞተች፤ ዐጽሟም በቡዳፔስት በእርሻ ቤተ መዘክር ተቀምጧል። ልጅዋ ቡዳጆንጄ በ1885 ዓ.ም. የጀርመንን ደርቢ አሸንፋ ነበር፤ ከዘሯም የሆነች ፖሊጋሚ የምትባል ባዝራ በ1974 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ኦክስ የተባለውን ሽቅድምድም አሸነፈች። መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ ይህን ትውልድ ለይቶ ማወቅ የተቻለው የእናትና የአባት ስም በመዝገብ ስለ ተጻፈ ነው።

«ይህ የባለጸጎች ጨዋታ ነው፤ ለገበሬ ምን ይረባዋል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በደጋውና በቈላው ጭነት የምትሸከመው በቅሎ ከማን ተወለደች? እናትዋ ባዝራ አይደለችምን? ደካማ ባዝራ ጠንካራ በቅሎ ትወልዳለች ብሎ መጠበቅ ከጭንጫ መሬት መልካም አዝመራ እንደ መጠበቅ ነው። አባቶቻችንም «እናትዋን አይተህ ልጅቱን አግባ» ያሉት ለሰው ቢሆንም ለከብትም ይሠራል።

ስለዚህ የአገር አስተዳዳሪ ሁሉ በግዛቱ ያሉትን መልካም ባዝሮች ቢያስቈጥር፥ የውርንጭላውን የልደት ቀን፥ የእናቱንና የአባቱን ስም፥ መልኩንና በሽታውን በመዝገብ ቢያስጽፍ ይገባዋል። ባለ ከብቱም ሴት ውርንጭላ ከመሸጡ አስቀድሞ እናትዋ ምን እንደ ሠራች ይመርምር። ኪንቸምን የተዋት ገዢ ያየው መልኳን ብቻ ነበረ፤ የዓይን ፍርድ ምን ያህል እንደሚያሳስት 54ቱ ድሎች ይመሰክራሉ።