ግማሽ ሰከንድ ባይዘገይ ኖሮ… የሊኑክስ ፓኬጆችን ማን ይጠብቃቸዋል?

ሊኑክስን በኮምፒውተራችሁ ላይ ተጠቅማችሁ ባታውቁም፣ በስልካችሁ የምትከፍቷቸው አብዛኞቹ ድረ ገጾችና አፖች ከጀርባ የሚሠሩት ሊኑክስ በተጫነባቸው ሰርቨሮች ላይ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ እናንተንም ይነካል።

ሊኑክስ ላይ ሶፍትዌር ለመጫን በየድረ ገጹ መዞር አያስፈልግም። እንደ ዴቢያን፣ ፌዶራና ኡቡንቱ ያሉ ስርጭቶች ኮዱን ከሠሪዎቹ ይወስዳሉ፣ ፓኬጅ ያደርጉታል፣ በዲጂታል ፊርማ አረጋግጠው ያቀርባሉ። ተጠቃሚው አንድ ትእዛዝ ይጽፋል፣ በቃ። ፊርማው ፓኬጁ መንገድ ላይ እንዳልተነካ ያረጋግጣል። ግን ከምንጩ ተመርዞ ቢመጣስ?

እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024 የታየው ይሄው ነው። የማይክሮሶፍት መሐንዲስ የሆነው አንድሬስ ፍሮይንድ በኤስኤስኤች ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አላስችል አለው። ሲቆፍር ኤክስዜድ በሚባለው የፋይል መጭመቂያ ስሪት 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የተደበቀ የጓሮ በር አገኘ። የአደጋው መጠን ከ10፣ 10 ተሰጠው።

🔴 እንዴት ገባ?

ኤክስዜድን ለዓመታት የያዘው ላሴ ኮሊን በትርፍ ሰዓቱ፣ ያለ ክፍያ፣ ብቻውን ማለት ይቻላል የሚሠራ ሰው ነው። "ጂያ ታን" የሚል ስም የያዘ አካል ከ2021 ጀምሮ "ላግዝህ" እያለ ተጠጋ። ሌሎች አካውንቶች ደግሞ "ሥራው ዘገየ" እያሉ ኮሊንን ወጠሩት። በመጨረሻ አዲስ ስሪት የማውጣት ሥልጣን ለጂያ ታን ተሰጠ።

ተንኮሉን የሚያስነሳው ቁራጭ ሁሉም ሰው በሚያየው የኮድ ማከማቻ ውስጥ አልነበረም። ለፓኬጅ አዘጋጆች በተላከው የታሸገ ፋይል ውስጥ ብቻ ነበር። የሚነቃውም የዴብ ወይም የአርፒኤም ፓኬጅ ሲሠራ ነው። ሌላም አለ፦ ኦፕን ኤስኤስኤች ራሱ ኤክስዜድን አይጠቀምም እኮ! ሁለቱን በተዘዋዋሪ ያገናኙት አንዳንድ ስርጭቶች ራሳቸው የጨመሩት ማሻሻያ ነው።

🟢 ምን አዳነን?

የተመረዘው ስሪት የደረሰው እንደ ዴቢያን የሙከራ ክፍሎች፣ ፌዶራ ሮውሃይድና ኦፕንሱሴ ተምብልዊድ ወዳሉት ፈጣን ስርጭቶች ነበር። አብዛኛው ሰርቨር የሚጠቀምባቸው የተረጋጉ ስሪቶች ጋ ሳይደርስ ተያዘ። "አሮጌ ሶፍትዌር ነው የሚሰጡን" ተብለው የሚታሙት ስርጭቶች ዝግታቸው ጋሻ ሆነ። ኮዱ ክፍት ባይሆን ደግሞ አንድ የውጭ ሰው እስከ ሥሩ ባልቆፈረ ነበር።

ግን ክፍት መሆን ብቻውን ጥበቃ አይደለም። የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ትልልቅ ኩባንያዎች የሚያተርፉበትን ኮድ አንድ የደከመ ሰው በነጻ ተሸክሞት ከሆነ፣ ቀጣዩ ጂያ ታንም በዚያው በር ይገባል።

ሊኑክስ የምትጠቀሙ፦ የተረጋጋ ስሪት ምረጡ፣ ከስርጭታችሁ ማከማቻ ብቻ ጫኑ። ኮድ የምትጽፉ ደግሞ ከምትጠቀሙበት ፓኬጅ ጀርባ ስንት ሰው እንዳለ አንዴ እዩ። አንድ ብቻ ከሆነ፣ እገዛችሁ እዚያ ያስፈልጋል።