ደብዳቤ የሚከፍት እንጂ የሚመልስ ጠፋ!

አበው "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ይላሉ። እኛ አገር ግን በጽሑፍ ያለውም የሚወረስ አልሆነም። ወይ መዝገብ ቤት ገብቶ ይቀበራል፣ ወይ ደግሞ ባለቤቱ ሳያየው ሌላ ሰው ይከፍተዋል። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለ አንድ የሕግ ፕሮፌሰር ደብዳቤዎች ለማውራት ነው። "ሕዝብ በኑሮ ውድነት ሲጠበስ አንተ የፈረንጅ ፖስታ ታወራለህ?" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ይታገሠኝ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ እኛው ቤት ይገባል።

ሰውየው ራፋኤል ለምኪን ይባላል፤ የፖላንድ አይሁዳዊ ነው። ናዚዎች አገሩን ሲወርሩ አምልጦ በስዊድን በኩል በ1941 አሜሪካ ገባ (ዓ.ም ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ ዱክ፣ ኋላም ዬል ዩኒቨርሲቲ ሕግ አስተማረ። እሱ ቢያመልጥም ከ40 በላይ ዘመዶቹን ናዚዎች ፈጁበት። በ1944 ባሳተመው መጽሐፍ "ጄኖሳይድ" የሚለውን ቃል ፈጠረ። እኛ "ዘር ማጥፋት" የምንለውን ማለት ነው።

ቃል መፍጠርስ ይሁን። ቃሉን የዓለም ሕግ ማድረግ ግን እንዴት ይቻላል? ሰውየው ጦር የለው፣ ገንዘብ የለው፣ ከኋላው የቆመ መንግሥት የለው! የነበረው ደብዳቤ ብቻ ነው። ለዲፕሎማቱ ይጽፋል፣ ለሚኒስትሩ ይጽፋል፣ ለጋዜጣ አዘጋጁ፣ ለሴቶች ማኅበር፣ ለሃይማኖት አባቱ ይጽፋል። መልስ ካልመጣ ደግሞ ይጽፋል። "ኧረ ይሄ ሰውዬ ነዘነዘን!" ያሉት ብዙ ናቸው። እሱ እቴ!

ውጤቱስ? ዲሴምበር 9 ቀን 1948 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክለውን ስምምነት ተቀበለ። በሥራ ላይ እንዲውል ግን 20 አገሮች በየቤታቸው ማጽደቅ ነበረባቸው። ከሁሉም ቀድማ ያጸደቀችው ማን ናት? አሜሪካ እንዳትሉኝ፤ እሷማ እስከ 1988 ስታመነታ ኖራለች። ቀዳሚዋ ኢትዮጵያ ናት፤ ጁላይ 1 ቀን 1949! የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ ያየ ሕዝብ አገር ከሌላው ብትቀድም ምን ይደንቃል?

በ1957 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችንም ወንጀሉን በአንቀጽ 281 አስገባው። እንዲያውም ዓለም የተወውን፣ በፖለቲካ ቡድንነታቸው የሚጨፈጨፉትን ሰዎች ጭምር ጨመረ። ደርግ በቀይ ሽብር የሰውን ልጅ እንደ ቅጠል ሲያረግፍ ይኸው ሕግ ተጽፎ ነበር። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌለበት በ2006 በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ የተባለው በዚሁ አንቀጽ ነው። ማስረጃውስ ከየት መጣ? ከምስክሩ ቃል ሌላ ከራሳቸው ከደርጎች መዝገብ! ፊርማና ማኅተም ያረፈበት የ"ይገደሉ" ወረቀት! ገዳይም ጽፎ ነበር፤ የጻፈው ተገኘበት።

"ታዲያ ሕጉ ሩዋንዳን አዳነ ወይ?" የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በ1994 ዓለም እያየ ሕዝብ አልቋል። ደብዳቤ ጥይት አያስቆምም። ነገር ግን በ1998 አሩሻ ላይ የተሰየመው ፍርድ ቤት አንድ ከንቲባ የነበረን ሰው በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ሲል ዳኞቹ በእጃቸው የያዙት ያ ነዝናዛ ፕሮፌሰር የለመነው ሕግ ነበር።

ለምኪን በ1959 ኒውዮርክ ውስጥ በድህነት ሞተ። ደብዳቤዎቹ ግን ዛሬም በኒውዮርክና በሲንሲናቲ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። የፈለገ ሰው ገብቶ ማን መለሰለት፣ ማን ዝም አለው ብሎ ማየት ይችላል። ዝምታም እንደሚመዘገብ ልብ ይሏል!

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። የደብዳቤ ምስጢር እንዳይደፈር የሚያዘው ሕግ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ በ1923 ዓ.ም በወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ውስጥ አለ። በ1987 ዓ.ም የጸደቀውም በአንቀጽ 26 ፖስታውን፣ ስልኩን፣ ኤሌክትሮኒክሱን ሳይቀር ዘርዝሮ አስቀምጦታል። ወረቀቱ ላይማ ማን ያህለናል! በ2017 ግን የካናዳው ሲቲዝን ላብ ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዘ የስለላ ሥራ ይፋ አወጣ። በኢሜይል ወጥመድ ከታደኑት መካከል የዶክትሬት ተማሪና ጠበቃ ነበሩበት። የደንበኛው ምስጢር ያለበት የጠበቃ ደብዳቤ ከተከፈተ ችሎቱ ምን ዋጋ አለው?

አቤቱታ ሲሆን ደግሞ ጉዱ ሌላ ነው። ልጇ የታሰረባት ጎረቤቴ "እስቲ አብረኸኝ ሂድ" ብላኝ አንድ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ይዘን ሄድን። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ተቀበለች። በቀሪው ላይ "ደርሶናል" ብላችሁ ማኅተም አድርጉልን ብንል "እሱ አይቻልም" አለችን። ለምን? ማኅተም ካለ ነገ "መልሱ የት አለ?" የሚል ይመጣላ! ማኅተም ከሌለ ግን እናትየዋም አልመጣች፣ ልጁም አልታሰረ።

ለማገድ ሲሆን ግን ደብዳቤው አድራሻ አይጠፋውም። ከ1984 ዓ.ም ጀምሮ የዜጎችን በደል በጽሑፍ ሲያሰፍር የኖረው ኢሰመጉ በ2017 ዓ.ም በባለሥልጣኑ ሲታገድ፣ ምን ይዞ ነው የመጣው? ደብዳቤ!

እንግዲህ የምለው አጭር ነው። መንግሥት ሆይ፣ የሰው ደብዳቤ አትክፈት፤ ለአንተ የተጻፈውን ግን ከፍተህ አንብብ፣ ቁጥር ስጠው፣ መልስ። ወገኔ ሆይ፣ አንተም "ምን ያመጣል?" ብለህ አትቀመጥ። ጻፍ። ቀን አድርግበት፤ ቀሪውን ያዝ። የጠፋብህን ልጅ ስም፣ የተወሰደበትን ሰዓትና ቦታ አስፍር። ዛሬ የሚያነበው ባይኖር ነገ ዳኛ ይፈልገዋል።

ልብ ያለው ልብ ይበል!

ግልባጭ፦
ይመለከተኛል ለሚል ሁሉ