የዘማቹ ሣጥን

ዛሬ የማወጋችሁ በብዙ ቤት አልጋ ሥር ስለተቀመጠው የዘማች ሣጥን ነው።

የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ የወጣው በ1975 ዓ.ም. ነበር። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ሰው ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ያዝዛል። በገጠር ኮታውን የሚያሟላው የገበሬ ማኅበሩ ነበር፤ ካልሞላ አፈሳ ይመጣል። ያኔ የ18 ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ስድሳን ተሻግሯል፤ የ30 ዓመት ጎልማሳ የነበረውም ሰባን አልፏል። የልጆቻችን አያቶች እነሱ ናቸው።

እኔ ያደግሁት ገረሴ ነው። ከደጋችን ወደ ሰሜን የዘመቱ ልጆች ደብዳቤ የሚጽፉት በአማርኛ ነበር፤ እናቶቻቸው የሚሰሙት ግን በጋሞኛ። በመሀል ሆነን የምናነብላቸውና የምንተረጉምላቸው እኛ ፊደል የቆጠርን ልጆች ነበርን። የደብዳቤው ግማሽ ሰላምታ ነው፤ አያት፣ አጎት፣ ጎረቤት፣ ሁሉም በየስሙ። አንድ ስም ከዘለልሁ እናትየው «ለእገሌስ ሰላም አላለም?» ብለው ያስቆሙኛል። አንብቤ ስጨርስ ወረቀቱ ተጣጥፎ ሣጥን ይገባል።

ደብዳቤ የተቋረጠባቸው ቤቶችም ነበሩ። በመጋቢት 1980 አፍአበት ላይ፣ በየካቲት 1982 ምጽዋ ላይ ስንቱ ቀረ! በግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን የተመለሰ ተመለሰ፤ ያልተመለሰው ግን መርዶው እንኳ ሳይነገር የቀረ አለ። ለእነዚያ እናቶች የመጨረሻው ደብዳቤ እንደ መቃብር ነው፤ ሌላ የሚያለቅሱበት ቦታ የላቸውም።

የጦርነቱ ታሪክ በመጽሐፍ ተጽፏል። የሠፈራችን ልጅ ስም ግን ያለው በዚህ ሣጥን፣ በእድሩ መዝገብና በሽማግሌዎች ትዝታ ውስጥ ነው። ጋሞ ሸንጎውን የሚቀመጥበት ዱቡሻ አለው፤ እዚያ መዋሸት ጎሜ ነው። ትልቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን የሚያስታውሰው ሰው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል።

ስለዚህ ልጆቹን ይዛችሁ ሣጥኑን ክፈቱ። ፎቶግራፉን ገልብጣችሁ የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን በእርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ያልፋል። ደብዳቤውን በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ቅጂውን ከአንድ በላይ ለሆነ ዘመድ ስጡ። ልጆቹ «ስንት ሰው ገደሉ?» እንዳይሉ አስቀድማችሁ ምከሯቸው። «አባባ፣ አጠገብዎ የቆመው ማነው? ምን ትበሉ ነበር? ከቤት ማን ናፈቀዎት?» ቢሉ ይሻላል። ዝም ማለት የፈለገን አባት አታስጨንቁት፤ ሌላ ቀን ራሱ ሊጀምረው ይችላል። ያልተመለሰውንም አትርሱት፤ ስሙን ከነአባቱ ብቻ ሳይሆን ከነእናቱ ጻፉ።

የቅርቡ ዘማች ደግሞ ደብዳቤ አይጽፍም። ድምፁና መልእክቱ ያለው በእናቱ ስልክ ላይ ነው፤ ስልኩ ሲበላሽ ወይም ሲሰረቅ እሱም ይጠፋል። እሱንም ዛሬውኑ ቅዱት።

የእናት ሣጥን ቤት ሲፈርስ ወይም ውርስ ሲካፈሉ እንደ አሮጌ ዕቃ ይጣላል። ከመጣሉ በፊት በውስጡ ማን እንዳለ እንወቅ።