ጆሮው ነው ወይስ መሣሪያው?



ከዳንግላ አንዲት እናት ጽፈውልኛል። ልጃቸው በመዘምራን መካከል ኢውፎኒየም የተባለውን ድምፀ ወፍራም የትንፋሽ መሣሪያ ይነፋል። ኪቦርድ ተጫዋቹ «ሲ» ሲለው ልጁም የሚያውቀውን «ሲ» ይነፋል፤ ድምፃቸው ግን አይገጥምም። «ጆሮ የለውም» ተብሎ መሣሪያውን ሊመልስ ነው።

እኅቴ፣ እባክዎ ገና አይመልስ። በአገው ምድር ዋሽንት ያልሰማ የለም። ዋሽንት ነፊ አጭርም ረጅምም ይይዛል፤ ጣቱን በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቢያስቀምጥም ረጅሙ ወፍሮ ይሰማል። የኢውፎኒየም ቱቦ ቢዘረጋ 2.7 ሜትር ያህል ነው፤ ቫልቭ ሳይጫኑ ሲነፉት ቢ ፍላት ይሰጣል፤ ከንፈር ሲጠብቅ ደግሞ ኤፍና ላይኛው ቢ ፍላት ይወጣሉ። ቫልቭ መጫን ቱቦውን ማስረዘም ነው። ሁለተኛው ግማሽ ድምፅ፣ አንደኛው አንድ ሙሉ፣ ሦስተኛው አንድ ተኩል ያወርዳል።

ታዲያ ጠቡ ከየት መጣ? በትሬብል ክሌፍ በተጻፈ የኢውፎኒየም ኖታ ላይ «ሲ» የሚባለው ያ ምንም ያልተጫነበት ድምፅ ነው፤ የሚሰማው ግን የኪቦርዱ ቢ ፍላት ነው። እንዲህ የተጻፈው ከትራምፔት የመጣ ሰው የጣት አያያዙን እንዳይቀይር ነው። በቤዝ ክሌፍ ከሆነ ሲ የኪቦርዱ ሲ ነው፤ ታችኛው በአንደኛና በሦስተኛ፣ ላይኛው በአንደኛ ቫልቭ ብቻ ይወጣል።

ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን እየተመሩ በባንድ ሲነፉ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት መሣሪያ አልያዙም ነበር። ለየመሣሪያው የሚስማማ ኖታ ካልተጻፈ ባንድ አይኖርም። የእኛ ልጆች ግን ብዙ ጊዜ ያለ ኖታ ተሰጥቷቸው በጆሮ ይፈረድባቸዋል።

መዝሙሩ በሲ ከሆነ ልጅዎ በዲ ይንፋ። አለዚያም ኪቦርዱ ትራንስፖዝ ላይ ሁለት ዝቅ ይበል (ይህቺን ቁልፍ ተጫዋቾቻችን ከኖታ ይልቅ ያውቋታል!)። ቤዝ ጊታሩ ግን በቢ ፍላት እንዲመታ ይነገረው፤ ያለዚያ ጠቡ ወደ እርሱ ይዞራል።

መጀመሪያ ግን ይፈትኑት። ልጁ ምንም ሳይጫን ይንፋ፣ ኪቦርዱ ቢ ፍላት ይምታ። ከገጠሙ ለመሪው ያሰሙ። በጥቂቱ ብቻ ከወረደ ብርዱ ነው፤ የቀዘቀዘ ቱቦ ድምፁ ይወርዳል፣ የእንጅባራን ጠዋት ደግሞ እናውቀዋለን። ከልምምድ በፊት ጥቂት ደቂቃ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ይንፋበት።